ንግሥት እሌኒ ዘሐድያና የአልጋ ወራሾች ነገር

ንጉሥ ባረፈ ጊዜ፥ ልቅሶው ሳይፈጸም፥ በቤተ መንግሥቱ ውስጥ በዝግታ የሚነገር አንድ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም በአልጋው ላይ ማን ይቀመጥ የሚለው ነው። ወራሹ አንድ ብቻ ሲሆን መልሱ አያስቸግርም። ነገር ግን ልጆቹ ብዙዎች፥ እናቶቻቸውም ልዩ ልዩ፥ የእያንዳንዲቱም እናት ዘመዶች ጦር ያላቸው ሲሆኑ፥ በአንዲት ሌሊት የተቈረጠ ምክር የብዙ ዘመን ሰላም ወይም የብዙ ዘመን ደም ይሆናል። ቅዱስ መጽሐፍን ያነበበ ሁሉ ይህን ያውቃል። ዳዊት ሸምግሎ ከአልጋው ሳይነሣ፥ በዕድሜ የሚበልጠው ልጁ አዶንያስ ሠረገላና ፈረሰኞች አዘጋጅቶ ልንገሥ ብሎ ተነሣ፤ ቤርሳቤህና ነቢዩ ናታን ግን ወደ ንጉሡ ገብተው ታናሹ ሰሎሞን እንዲቀባ አደረጉ። ከሰሎሞን ዘር ነን ይሉ የነበሩ የኢትዮጵያ ነገሥታትም በዚሁ ፈተና ብዙ ጊዜ ተፈትነዋል።

ከእነዚህ ፈተናዎች ይልቅ የጠነከረው ከዐፄ ዘርአ ያዕቆብ መንገሥ እስከ ዐፄ ልብነ ድንግል ወጣትነት ድረስ፥ ማለት ከ1426 ዓ.ም. ጀምሮ ዘጠና ዓመት ያህል የቈየው ነው። በዚህ ዘመን ስድስት ነገሥታት በአልጋው ላይ ተፈራረቁ፤ ከእነርሱም ሦስቱ ሲነግሡ ሕፃናት ነበሩ። ስድስቱንም ያየች፥ በብዙዎቹም ዘንድ ምክሯ የተሰማ አንዲት ሴት ነበረች። እርስዋም ከሰሎሞን ዘር አልተወለደችም፤ የአልጋ ወራሽም እናት አልሆነችም። የሐድያው ገራድ የመሐመድ ልጅ ንግሥት እሌኒ ናት።

ዛሬ ሐድያ ሲባል የሰሚው ልብ ወደ ሆሳዕና ይሄዳል፤ ይህችውም ከተማ በቀድሞ ስሟ ዋቸሞ ትባል ነበር። ከሆሳዕና ወደ ደቡብ የሚሄድ ሰው ከምባታና ሐድያ ወደሚጎራበቱባት፥ እንሰት ወደ በዛባት ወደ ደገኛዪቱ ዶዮገና ይደርሳል። በመካከለኛው ዘመን ግን ሐድያ የሚለው ስም ከዚህ አገር እጅግ የሰፋ ነበር። ወደ አዋሽና ወደ ምሥራቁ ወገን የተዘረጉ ብዙ ነገዶች በዚሁ ስም ይጠሩ ነበር፤ ወደ አሁኑ ስፍራ የተሰበሰቡት ከብዙ ጦርነትና ስደት በኋላ ነው። ገዥዎቻቸውም ገራድ ይባሉ ነበር። አገሩ በፈረስና በእህል የበለጸገ ስለ ነበረ ንጉሠ ነገሥቱ ግብሩን ይፈልገው ነበር፤ የአዳልም መንግሥት ወዳጅነቱን ይመኘው ነበር። በዐፄ ዐምደ ጽዮን ዘመን አማኖ የሚባለው የሐድያ ገዥ ግብር አልገብርም ብሎ ጦርነት እንደ ሆነ የዚያ ንጉሥ ታሪክ ይናገራል። ስለዚህ በሐድያ ማን ገራድ ይሁን የሚለው ነገር ከንጉሠ ነገሥቱ አልጋ ነገር ተለይቶ የሚታይ አልነበረም።

ወደ ዋናው አልጋ ስንመለስ፥ መንግሥቱ በ1262 ዓ.ም. በይኩኖ አምላክ እጅ ወደ ሰሎሞናዊው ወገን ተመለሰ ከተባለበት ጊዜ ወዲህ ከዚያ ዘር ውጭ ማንም እንዳይነግሥ ሥርዓቱ የጸና ሆነ። ከንጉሡ ልጆች መካከል ማንኛው እንደሚነግሥ ግን ሁሉን የሚያስገድድ ውሳኔ አልነበረም። በኵሩ ቢነግሥ መልካም ነው የሚል አሳብ ነበረ፤ ይሁን እንጂ መኳንንቱና የጦር አለቆቹ ካልወደዱት በኵርነቱ ብቻውን ዙፋን ላይ አያወጣውም ነበር። የዚህም ክፍተት መዘዝ ሳይዘገይ ታየ። የይኩኖ አምላክ ልጅ ይግባ ጽዮን በ1286 ዓ.ም. ገደማ ሲያርፍ በአምስት ዓመት ውስጥ አምስት ነገሥታት ተፈራረቁ። ትውፊት እንደሚለው ወንድማማቾቹ እያንዳንዳቸው አንዳንድ ዓመት በተራ ይነግሡ ዘንድ ተስማምተው ነበር፤ ነገር ግን ተራውን የሚጠብቅ ወንድም በነገሠው ወንድሙ ላይ ዐይኑን ይጥላልና ስምምነቱ ወደ ጥርጥር ተለወጠ። ወንድምን በአምባ ላይ የማሰር ልማድ የተጀመረው በዚያ ጊዜ ነው ይባላል።

የዚህች አምባ ስም ለአንባቢ እንግዳ አይደለም፤ በአምባሰል ያለችው ግሸን ደብረ ከርቤ ናት። አቀማመጧ የመስቀል ምልክት ያለው፥ ዙሪያዋን ገደል የከበባት፥ በጠባብ በር ብቻ የሚወጡባት ተራራ ናት። ምእመናን በየዓመቱ መስከረም 21 ቀን የሚሳለሙት ግማደ መስቀል በዐፄ ዘርአ ያዕቆብ ዘመን በዚያ እንደ ተቀመጠ ይታመናል። በዚያችው ተራራ ላይ የነገሥታቱ ወንዶች ልጆች፥ ወንድሞችና የወንድም ልጆች ከነቤተ ሰባቸው ተጠብቀው ይኖሩ ነበር፤ ስማቸውም እስራኤላውያን ይባል ነበር። አንዲት ተራራ ሁለት አደራ ተቀበለች፤ አንዱን ሕዝብ ሊሳለመው ይወጣል፥ ሁለተኛውን ግን ማንም እንዳይጐበኘው ዘበኛ ይጠብቀዋል።

ጥበቃው ምን ያህል ጽኑ እንደ ነበረ ከ1512 እስከ 1518 ዓ.ም. በኢትዮጵያ የቈየው የፖርቱጋል ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ጽፎታል። ከአምባው ወደ ንጉሡ መልእክት ያመጣ አንድ መነኵሴ ተይዞ ሲገረፍ እንዳየ፥ ጠባቂዎቹም አብረው እንደ ተቀጡ ይተርካል። ደግሞም ከመሳፍንቱ አንዱ ቅጠላ ቅጠል ተሸፍኖ ለማምለጥ ሲሞክር መያዙን ይናገራል። የንጉሥ ልጅ ሆኖ ተወልዶ እንደ ቍጥቋጦ ተመስሎ መሄድ እንዴት ያለ ኀዘን እንደ ሆነ የሚያስተውል ያስተውለው።

ሆኖም ይህን ልማድ የሚፈርድ ሰው በዚያው ዘመን በሌላው ዓለም የነበረውን ደግሞ ይመልከት። በቱርኮች መንግሥት ሱልጣን መሐመድ ዳግማዊ፥ የነገሠው ልጅ ለአገር ጸጥታ ሲል ወንድሞቹን ቢገድል እንዲፈቀድለት ደነገገ። በእንግሊዝም አገር በ1475 ዓ.ም. የአሥራ ሁለት ዓመቱ ልጅ ኤድዋርድ አምስተኛ ከታናሽ ወንድሙ ጋር በለንደን ግንብ እንዲቀመጥ ተደርጎ ሁለቱም ደብዛቸው ጠፋ፤ ዘውዱንም አጐታቸው ሪቻርድ ወሰደ። ግሸን ግን ዘሩን ሳያጠፋ ያቈየው ነበር፤ ንጉሡ ልጅ ሳይተው ቢሞት ከአምባው የሚወርድ ሌላ ወራሽ አይታጣም ነበር። ጕድለቱ በሌላ በኩል ነው። በአምባ ላይ ያደገ ልጅ ጦር መምራትን፥ ፍርድ መስጠትን፥ ሕዝብን ማወቅን አይማርም። ከዚህም ሁሉ የሚበልጠው፥ አምባው ወራሾቹን ይጠብቃል እንጂ አይመርጥም። ምርጫው በሩን ለሚከፍቱት ሰዎች ይቀራል።

ይህም ከዐፄ ዳዊት ሞት በኋላ በግልጥ ታየ። ሃያ ዓመት ያህል በሚሆን ጊዜ ውስጥ ቴዎድሮስ፥ ይስሐቅ፥ እንድርያስ፥ ተክለ ማርያም፥ ሠርወ ኢየሱስና ዐምደ ኢየሱስ ተከታትለው ነገሡ፤ ከስድስቱም ረዘም ላለ ዘመን የገዛው ይስሐቅ ብቻ ነው። በመጨረሻ በ1426 ዓ.ም. የዳዊት ልጅ ዘርአ ያዕቆብ ከግሸን ወርዶ ነገሠ። በአምባ ላይ ቈይቶ የወረደ ንጉሥ፥ ከርሱ በፊት የነገሡትን የወንድሞቹንና የወንድሞቹን ልጆች ዘመን እጥረት የሚያውቅ ንጉሥ፥ ሰውን በቀላሉ የሚያምን አልሆነም። ትልልቆቹን ሹመቶች ከመኳንንቱ እጅ አውጥቶ ለሴቶች ልጆቹ ሰጠ፤ ብርሃን ዘመዳና መድኅን ዘመዳ የተባሉት ልጆቹ በቀኝና በግራ የቢትወደድነትን ሥልጣን ያዙ። ሴት ልጅ አልጋውን አትወርስምና ከርሷ የሚፈራው ነገር ያነሰ መስሎት ይሆናል። ነገር ግን ጥርጥሩ ከቤቱም አልወጣም። ደስክና ዲኖ የሚባሉትን ጣዖታት አመለኩ ተብለው የተከሰሱ ወንዶችና ሴቶች ልጆቹ ጽኑ ቅጣት ተቀጡ፤ ከቅጣቱም የተነሣ የሞቱ አሉ።

ከዚህ ዘመን ታሪክ ሁሉ ልብ የሚነካው የንግሥት ጽዮን ሞገሳ ነገር ነው። ልጇን በእደ ማርያምን በአባቱ በሕይወት ሳለ ልታነግሥ ትመክራለች ተብላ ተከሰሰችና በግርፋት ከተቀበለችው መከራ የተነሣ ሞተች። ልጁም በመቃብሯ ላይ ስለ ነፍሷ ጧፍና ዕጣን ማቅረቡ በአባቱ ዘንድ እንደ በደል ተቈጠረበትና እርሱም ተገረፈ። በኋላ የገዳም አባቶች ገብተው አስታረቁ፤ ዘርአ ያዕቆብም ያንኑ ልጅ ለአልጋው አጨው። እናት ስለ ልጇ ዙፋን ተከስሳ ሞተች፤ ልጁ ግን ያንኑ ዙፋን ወረሰ። ከዚህ የሚብስ የወራሽነት ዋጋ በየትኛው መጽሐፍ ይገኛል?

እሌኒ ወደዚህ ቤተ መንግሥት የገባችው ይህ ሁሉ በሚሆንበት ዘመን ነው። አባቷ መሐመድ የሐድያ ገራድ ነበረ፤ ጋብቻዋም ሐድያን ከንጉሠ ነገሥቱ ጋር የሚያስተሳስር ነበር። ከአባቷ በኋላ ወንድሟ ማሕኮ በስፍራው ተተካ። ማሕኮ ግን ግብሩን ከለከለና ጎረቤቶቹን ለዐመፅ አነሣሣ። ዘርአ ያዕቆብም አጐቱን ባሞን በስፍራው ሾመ፤ ማሕኮ ሸሽቶ ሳለ ተገደለ። እንግዲህ ይህች ሴት የአልጋ ጠብ ምን እንደ ሆነ ከመጽሐፍ አልተማረችውም። በተወለደችበት ቤት አጐት የወንድም ልጅን ተክቶ አየች፤ በተዳረችበት ቤት ደግሞ አባት በልጆቹ ላይ፥ ንጉሥ በሚስቱ ላይ እጁን ሲያነሣ አየች።

የማን ሚስት እንደ ነበረች ሊቃውንት ይለያያሉ። ብዙዎቹ የዘርአ ያዕቆብ ንግሥት ነበረች ይላሉ፤ ሌሎች ደግሞ የበእደ ማርያም ሚስት ያደርጓታል። የሁለቱም ክርክር ከቤተ መንግሥት ማዕረግ ስሞች አተረጓጐም የመጣ ነው፤ በዚያ ዘመን የንጉሡ ሚስቶች ቀኝ በዓልቴሐትና ግራ በዓልቴሐት እየተባሉ ይሾሙ ነበር፤ ይህም ስም እንደ ሹመት ከንጉሥ ወደ ንጉሥ የሚተላለፍ ነበር። በዚህ ግን ሁሉም ይስማማሉ፤ በእደ ማርያም በ1460 ዓ.ም. ሲነግሥ እሌኒን እጅግ አከበራት። የዚያ ንጉሥ ታሪክ ጸሓፊ ሲያመሰግናት፥ በጸሎትና በቍርባን የጸናች፥ የንጉሥ ማዕድ በማዘጋጀት የታወቀች፥ መጽሐፍና ሕግ የምታውቅ፥ የመንግሥትን ነገር የምታስተውል ነበረች ይላል፤ ንጉሡም እንደ እናቱ ይወዳት ነበር ብሎ ይጨምራል። እናቱን በዚያ ዐይነት ሞት ላጣ ሰው እንደ እናት የሚለው ቃል ቀላል ቃል አይደለም።

በእደ ማርያም በ1471 ዓ.ም. በወጣትነቱ ዐረፈ፤ ልጁ እስክንድርም ገና ሕፃን ሳለ ነገሠ። ሥልጣኑ በእናቱ በሮምና፥ በዐቃቤ ሰዓቱ በተስፋ ጊዮርጊስና በቢትወደድ ዐምደ ሚካኤል እጅ ሆነ፤ ውሎ አድሮም ዐምደ ሚካኤል ከሁሉ በላይ በረታ። ሕፃን ንጉሥ ባለበት አገር ንጉሡን የሚያሳድገው ሰው እርሱ ራሱ ንጉሥ ይመስላል፤ ስለዚህም ጠላቱ ይበዛል። ከጊዜ በኋላ ዐምደ ሚካኤል ከሥልጣኑ ወደቀ፤ የእሌኒም ምክር ዳግመኛ የሚሰማበት ጊዜ መጣ። እስክንድር ግን ዕድሜው አልረዘመም፤ በ1486 ዓ.ም. በጦር ሜዳ ሞተ።

ያን ጊዜ አስቀድሞ የተፈራው ደረሰ። ከእስክንድር የቀረው ልጅ ዐምደ ጽዮን ገና ሕፃን ነበረ። ከመኳንንቱ አንዱ ወገን የንጉሡ ልጅ እያለ ለምን ሌላ ይፈለጋል አለ፤ ሁለተኛው ወገን አገር የሚጠብቅ ጐልማሳ ያስፈልጋል ብሎ በግሸን ወደ ነበረው ወደ በእደ ማርያም ልጅ ወደ ናዖድ ተመለከተ። ሁለቱም የሚናገሩት እውነት ነበራቸው፤ ሁለቱም ጦር ነበራቸው። ተክለ ክርስቶስና ዘሥሉስ የተባሉት ታላላቅ ሰዎች ወገን ለይተው ተዋጉ። ሕፃኑም ስድስት ወር ያህል በስም ከነገሠ በኋላ በ1487 ዓ.ም. መጀመሪያ ሞተ፥ ናዖድም ነገሠ። በዚህ ጠብ ያለቀው ሠራዊት ድንበር ይጠብቅ የነበረው ሠራዊት ነው።

ናዖድ የሃይማኖት ድርሰት የሚወድድ፥ በአምባ ላይ ያደገ ንጉሥ ነበር፤ መልክአ ማርያምንም እርሱ እንደ ደረሰው ይነገራል። እሌኒም በዘመኑ ሁሉ በክብር ቈየች። በ1500 ዓ.ም. ናዖድ ሲያርፍ ግን ጥያቄው እንደ ገና ተነሣ። እነሆ ለሦስተኛ ጊዜ ሕፃናት ወራሾች፤ እነሆ መኳንንቱ ተሰብስበዋል፤ የ1486 ዓ.ም. ደም ገና ከሰው ልብ አልደረቀም።

በዚህ ጊዜ ስለሆነው ነገር አልቫሬዝ ከጳጳሱ ከአቡነ ማርቆስ አፍ የሰማውን ጽፏል። አቡነ ማርቆስ በዕድሜ እጅግ የገፋ ግብፃዊ አባት ነበር። እርሱ እንደ ነገረው ብዙዎች ከናዖድ ልጆች ታላቁ እንዲነግሥ ይፈልጉ ነበር፤ ልብነ ድንግልን ያነገሥነው ግን እኔና ንግሥት እሌኒ ነን አለው፤ የቤተ መንግሥቱ ታላላቅ ሰዎች ሁሉ በእጃችን ነበሩና። ልብነ ድንግል በዚያን ጊዜ የአሥራ አንድ ወይም የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ነበረ። ይህን የሚያነብ ሰው ቤርሳቤህንና ናታንን ሳያስብ አይቀርም፤ እዚያም ንግሥትና የእግዚአብሔር ሰው ነበሩ፥ እዚህም ንግሥትና ጳጳስ ናቸው፤ እዚያም ታናሹ ተመረጠ፥ እዚህም ታላቁ ቀረ። አንድ ልዩነት ግን አለ፤ ያም ልዩነት የነገሩ ሁሉ ቍልፍ ነው። ቤርሳቤህ የለመነችው ለገዛ ልጇ ነው። እሌኒ ግን ልጅ አልነበራትም።

በዚያ ቤተ መንግሥት ሴት ልጅ ሳትወልድ መቅረቷ እንደ ኀዘን ይቈጠር ነበር። ለእሌኒ ግን ይኸው ኀዘን የታማኝነት ማኅተም ሆነላት። ጽዮን ሞገሳ ልጇን ልታነግሥ ትፈልጋለች ተብላ ሞተች፤ ሮምና የልጇ ሞግዚት በመሆኗ የአንድ ወገን ሰው ተባለች። እሌኒን ግን ለልጅሽ ታደያለሽ የሚላት አልተገኘም። ከሐድያ የመጣች በመሆኗም በአምሐራና በሸዋ መኳንንት ፉክክር ውስጥ የአንዱ ቤት ዘመድ አልነበረችም። ሁሉም ሊያያት የሚችለው ከመካከል ቆማ ነበር። ሰው ጕድለት ያለው በዚያ በኩል ለአገር የሚጠቅም ኀይል ሆነ።

በእርግጥ የሚወቅሳት አይጠፋም። ታላቁን ትታ ታናሹን የመረጠችው ሥልጣኑ በእጇ እንዲቈይ ነው የሚል ሰው ያለ ምክንያት አይናገርም፤ ጳጳሱ በእጃችን ነበሩ ያለው ቃልም ለዚህ ወቀሳ ይስማማል። ሕፃን የሚያነግሥ ሰው ለራሱ የሥልጣን ዘመን ይቀጥራል። ነገር ግን ዛፍ በፍሬው ይታወቃልና ፍሬውን ማየት ይገባል። በ1500 ዓ.ም. እንደ 1486ቱ ያለ የወገኖች ጦርነት አልተነሣም። ሞግዚቲቱም ዘመኗን ወርቅ በማከማቸት አላሳለፈችም። ቱርኮች በባሕር ላይ ሲበረቱ፥ አዳልም በምሥራቅ ሲጠነክር አስቀድማ አየች፤ ማቴዎስ የተባለውን አርመናዊ ከግማደ መስቀሉ ክፍል ጋር ወደ ፖርቱጋል ንጉሥ ወደ ማኑኤል ላከችው። እርሱም በህንድ በኩል ዞሮ በ1506 ዓ.ም. ሊስቦን ደረሰ። መልሱን ይዘው የመጡት የፖርቱጋል መልእክተኞች በ1512 ዓ.ም. በምጽዋ ወረዱ፤ ማቴዎስ ግን ወደ ንጉሡ ከተማ ሳይደርስ በደብረ ቢዘን ሞተ። በጎጃም የምትገኘውን መርጡለ ማርያምንም ያሠራችው እርስዋ ናት።

ልብነ ድንግል ጐልምሶ በራሱ መግዛት ሲጀምር የአሮጊቲቱ ምክር እየራቀ ሄደ። በ1509 ዓ.ም. የአዳሉን አለቃ ማሕፉዝን ድል ነሥቶ ነበርና፥ ድል ያደረገ ወጣት ደግሞ ሩቅ የሚያይ አማካሪ የሚያስፈልገው አይመስለውም።

በዚሁ ዘመን በንጉሡ ሰፈር አልቫሬዝ ያየው አንድ ነገር የሐድያና የከምባታ አንባቢ ሊያውቀው የሚገባ ነው። የሐድያ ንጉሥ ሚስት የሆነች ንግሥት ሰዎቿን አስከትላ በበቅሎ ወደ ንጉሠ ነገሥቱ መጣች። እኅቷ ቀድሞ ለልብነ ድንግል ለጋብቻ መጥታ፥ የፊት ጥርሶቿ ትልልቅ ናቸው ብሎ ለሌላ መኰንን የዳራት ሴት ነበረች። ይህች ንግሥት የመጣችበት ጕዳይ፥ የባሏ ወንድም ተነሥቶ መንግሥታችንን ሊወስድብን ነውና ርዳኝ ለማለት ነው። ንጉሡም ሠራዊት ላከላት። አንባቢ ልብ ይበል፤ በማሕኮና በባሞ ጊዜ የታየው ነገር ሰባ ዓመት ያህል ቈይቶ በዚያው አገር ተደገመ፤ ወንድም በወንድም ላይ፥ አጐት በወንድም ልጅ ላይ መነሣት የደጋውም የቈላውም፥ የክርስቲያኑም የእስላሙም ቤት በሽታ ነበር። የሐድያ ገራዶች ግሸን የምትመስል አምባ አልነበራቸውም፤ ንጉሠ ነገሥቱ አምባ ነበረው። በሽታው ግን ለሁለቱም አልቀረላቸውም።

እሌኒ የፖርቱጋል መልእክተኞች በአገሩ ሳሉ በ1515 ዓ.ም. ገደማ ዐረፈች። አልቫሬዝ እንደሚለው ሕዝቡ ትልቁም ትንሹም አዘነ፤ እርስዋ በሕይወት ሳለች ሁሉ በሕይወት ነበረ፥ የሁሉም ጠባቂ እናት ነበረች ይሉ ነበር። ከሞተች በኋላ የሆነው ነገር የልቅሶውን እውነተኛነት ያሳያል። በ1521 ዓ.ም. በሽምብራ ቍሬ የልብነ ድንግል ሠራዊት በኢማም አሕመድ ድል ሆነ። ጥቂት ዓመት ቈይቶ የሐድያ ገዥ ወደ ኢማሙ ገብቶ ሴት ልጁን ዳረለት። የኢማሙ ታሪክ ጸሓፊ ዐረብ ፈቂህ፥ የሐድያ ሰዎች ለክርስቲያኑ ንጉሥ በየዓመቱ ከግብሩ ጋር ልጃገረድ መስጠታቸው እንዳስመረራቸው ይተርካል። በእሌኒ ጊዜ ሐድያን ከቤተ መንግሥቱ ጋር ያሰረው ጋብቻ በክብር የተያዘ ዝምድና ነበር፤ ዝምድናው ግብር ሆኖ በተቈጠረ ጊዜ ግን ገመዱ ተበጠሰ። በ1532 ዓ.ም. ደግሞ ግሸን ተያዘች፥ በአምባው ላይ የነበሩት መሳፍንትም ተገደሉ፤ ልብነ ድንግልም በዚያው ዓመት መጨረሻ በስደት በደብረ ዳሞ ዐረፈ። ሁለት መቶ ዓመት ከመቶ ሺህ ዐይን ተሰውሮ የተጠበቀው ዘር የጠፋው ከውስጥ ባመለጠ ልጅ ሳይሆን ከውጭ በገባ ጦር ነው።

ወራሾችን በአምባ የማኖር ልማድ ከዚህም በኋላ በጎንደር ነገሥታት ዘመን በወኅኒ ተመልሶ ተነሣ። ወራሽነትን በጽሑፍ ሕግ የሚወስን ነገር የተገኘው ግን በ1923 ዓ.ም. በወጣው ሕገ መንግሥት ነው፤ ዙፋኑም ራሱ በ1967 ዓ.ም. ተሻረ። ስለዚህ ዛሬ ከግሸን የሚወርድ ወራሽ የሚጠብቅ የለም። የዚያ ዘመን ነገር ግን አብሮ አልተቀበረም። ርስት ባለበት ቤት፥ ማኅበር ባለበት ደብር፥ ሹመት ባለበት አገር ሁሉ፥ አሮጌው ሲሄድ በስፍራው ማን ይቀመጥ የሚለው ጥያቄ እንደ ገና ይነሣል። ያን ጊዜ ሰው መጀመሪያ የሚያስበው በር መዝጋትን ነው፤ ተቀናቃኙን ማራቅ፥ ድምፁን መከልከል፥ መልእክቱን መያዝ። ግሸን የምታስተምረው ግን፥ የተዘጋ በር ጥያቄውን እንደሚያቈየው እንጂ እንደማይመልሰው ነው።

መልሱን ባለበት ዘመን ያስገኘው ሁሉ የሚያምነው አስታራቂ ነው፤ ለራሱ ልጅ የማይሻ፥ የሁለቱንም ወገን ቋንቋ የሚያውቅ፥ ሕግንም ሰውንም የሚያስተውል። የዚያ ዘመን ኢትዮጵያ እንዲህ ያለውን ሰው ከአምባው ላይ አላገኘችውም፤ ከነገሥታቱም ዘር አላገኘችውም። ያገኘችው ወንድሟ በዐመፅ ከሞተባት፥ ከሐድያ ገራድ ቤት ከመጣች ሴት ነው። በሆሳዕናም ሆነ በዶዮገና፥ በሸዋም ሆነ በጎጃም ያለ የዛሬ አንባቢ የእሌኒን ስም ሲያነሣ፥ አንዲት ንግሥት ነበረች ብሎ ብቻ አይለፍ፤ የአገር አንድነት የተያዘው አንዳንድ ጊዜ በንጉሥ ክንድ፥ አንዳንድ ጊዜም ከሩቅ በመጣች፥ ከዙፋኑ አንዳች ለራሷ ባልፈለገች ሴት ምክር እንደ ነበረ ያስብ።